ፒያኖ ማማ ላይ

ወረታ ከተማ ውስጥ ፒያኖ ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ እኔን ያሳዩአችኋል። ሲያሳዩአችሁ ትንሽ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ እሱን አትዩባቸው። ሌላ የተማረ ስለሌለ አንደኛ ነኝ። በእርግጥ መጨረሻም እኔው ነኝ፤ ግን ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀምር መምረጥ መብቱ ነው። መምህሩም እኔ፣ ተማሪውም እኔ፣ ሲያጠፋ የሚቆጣውም የሚያኮርፈውም እኔ ነበርሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ዲሲፕሊኑ ይላላል።

ፒያኖ የምለውም እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ኦርጋን» ትለዋለች። ጎረቤት ሁሉ ደግሞ «ያ ነገር» ይለዋል፤ «ያ ነገር ዛሬም አለ?» እያሉ በአጥር በኩል ይጠይቋታል፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ።

መነሻው ሥራ መፍታት ነው። እኔ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን አለኝ። የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ወደ ወረታ መጥቶ ገለባውን የሚያወልቀው እንደኔ ባለው ቤት ነው። በበጋ ምሳ የምበላው ቆሜ ነው፤ ቅንድቤ ሳይቀር ዱቄት ይለብሳል። ክረምት ሲገባ ግን የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ እኔና ማሽኑም ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እንተያያለን። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የማፋታት ልጅ የለችኝም፤ ስለዚህ ሐጅ ኑሩ ሱቅ እየሄድሁ መቀመጥ ጀመርሁ።

ሐጅ ኑሩ ብርድ ልብስና አንሶላ ይነግዳሉ። ከሱቃቸው የላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ረጅም ካርቶን ተጋድሞ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲያስጭኑ ተሳስቶ የገባ ኪቦርድ መሆኑን ነገሩኝ። ሰው ሁሉ «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ይጠይቅና ብርድ ልብሱን ብቻ ይዞ ይሄዳል አሉ። እኔ አውርደው እንዲያሳዩኝ ብቻ ነበር የጠየቅሁት። ሐጅ ግን ካርቶኑ ሲወርድ መደርደሪያቸው ላይ የተከፈተውን ቦታ አዩና ፊታቸው በራ፤ መልሼ ልስቀለው ብል አሻፈረኝ አሉ። የዓመት ሩዛቸውን ልፈለፍልላቸው ተስማማንና ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

ጥሩወርቅ ከሩቅ ስታየኝ ደስ ብሏት ነበር። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ መስሏታል፤ ስንት ዓመት ስትለምነኝ የኖረችው እሱን ነው። ፒያኖ መሆኑን ስነግራት ደስታዋን መልሳ ወሰደችው።

ስልኬ ላይ የሚያስተምር ፈረንጅ አገኘሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ጥርሱን ከድኖ አያውቅም። ችግሩ ኔትወርኩ ነው። ፈረንጁ ቀኝ እጁን ያነሳና እንዳነሳ ይቀራል፤ እኔም አብሬው እጄን አንስቼ እጠብቃለሁ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱም እጆቹ ግራ በኩል ናቸው፣ እሱም «አያችሁ ቀላል ነው» በሚል ፊት ይስቃል። መሐል ላይ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ ላይ የሚያስተምረው በነጮቹ ቁልፎች ነው። እኔ ነጮቹን በነካሁ ቁጥር የሚወጣው ድምፅ ሰካራም ደረጃ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ተናድጄ እጄን ጥቁሮቹ ላይ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተትሁት። በሞቴ፣ የእኛ አገር ድምፅ ወጣ። ቤት ውስጥ ማሲንቆ የገባ መሰለኝ። ደግሜ ጎተትሁት፤ አሁንም ያው። ጥቁሮቹን ብቻ እያፈራረቁ ቢነኩ፣ የትኛውም ቢቀድም የትኛውም ቢከተል፣ ከአገራችን ዜማ አይወጣም። ቆጠርኋቸው፤ እየተደጋገሙ አምስት ናቸው። የእኛ ቅኝትስ በስንት ድምፅ ነው? በአምስት። ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል፤ ይህን ዕቃ የሠራው ሰው ነጮቹን ለነጮቹ፣ ጥቁሮቹን ለእኛ ብሎ እንደሠራው ተገለጠልኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለዜማ ብዬ ነጭ ቁልፍ አልነካሁም። ስለዚህ ግኝት ለሰው ሁሉ ብነግርም ያጨበጨበልኝ የለም።

የሰማኝ ሰው ግን ነበር። አጥር የሚለየን ጎረቤታችን መሪጌታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ከአጥሩ ጥግ ጥላ ሥር አስቀምጠው ያስተምራሉ። በዜማ ቤት ደንብ ተማሪ ሲስት መምህሩ የሳተበትን አይነግረውም። መምህሩ «እህህ» ብሎ ይስላል፣ ተማሪው ከሀ ይጀምራል። መሪጌታም ይህን ደንብ ያለ ምዝገባ እኔ ላይ ሥራ ላይ አዋሉት። እኔ ስስት ከአጥሩ ማዶ ይስላሉ። በዘፈን እንደማይገቡ፣ ዜማ ሲሰበር ግን ዝም ማለት እንደማይችሉ አንድ ቀን በር ላይ ሲያገኙኝ ነገሩኝ፤ ሲሰነባበቱኝም «ነጮቹን ጾምሃቸው እንዴ?» አሉኝ። ሳላቸውን ስለምፈራ በሳሉ ቁጥር ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። መስከረም ሲጠባ የብዙ ዜማ መጀመሪያ አውቅ ነበር፤ መጨረሻ ግን የአንዱንም አላውቅም።

ነገሩ ሁሉ የተባባሰው የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም እግሩን ሲሰበር ነው። አያ ደምሌ እንለዋለን። ቁሐር ሚካኤል የሚኖር የሩዝ ገበሬ ነው፤ ቁመቱ የበር፣ ንግግሩ የድንጋይ። ሩዝ ሊያፈራ ሲል ወፍ ስለሚወርድበት በየማሳው መሐል አራት እንጨት ተተክሎ፣ ከላይ ሣር ለብሶ፣ ጠባቂ የሚቀመጥበት ማማ ይሠራል። አያ ደምሌ የዘንድሮውን ማማ ሊሠራ ወጥቶ ማማው ሳያልቅ እሱ ወረደ። ጎበዝ ወጌሻ ያለው ወረታ ነው ተብሎ እኛ ቤት መጣ። ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረና እንዳይነቃነቅ አስጠንቅቆት ሄደ።

እንግዲህ አስቡት። እንዳይነቃነቅ የታዘዘ ሰው ሳሎን ተኝቷል፤ ፒያኖው ያለውም ሳሎን ነው። እኔ ከልቤ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። በሽተኛ ሲያጫውቱት ይድናል ይባላል። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀጥሎ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ሳበው። በሦስተኛው ቀን እህቱን ጠርቶ፣ እግሩስ በእግዜር ፈቃድ እንደሚጠገን፣ ለጆሮው የሚሆን ወጌሻ ግን ከየት እንደሚመጣ ጠየቃት። እኔ እዚያው አጠገቡ ነበርሁ።

የአያ ደምሌ ቤተሰብ እኔን ድሮም እንደ ሰው አይቆጥረኝም። ሞፈር መጨበጥ አላውቅም፣ በሬ ሲያየኝ ይንቀኛል። የሠርጌ ዕለት ከአጎቶቻቸው አንዱ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ፍሪዳው ላይ በረታሁ።

አንድ ጠዋት የአያ ደምሌ ሚስት ደወለች። አራስ ናት፤ ከቤት አትወጣም። ሩዙ ወተት ይዟል፣ ወፍ መውረድ ጀምሯል፣ ጎረቤት የጨረሰላቸው ማማ ላይም ሰው የለም አለች። ዘመድ ጎረቤት ሁሉ የየራሱ ማሳ ላይ ነው። አያ ደምሌ ስልኩን ለእህቱ መለሰላት።

«ሩዙ ከሄደ በሬዎቹ ይሸጣሉ» አለ። «በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ የሰው እጅ ጠባቂ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ከዚያ ጋቢውን ሳበ። አሁን ግን ከኔ ለመሸሽ አልነበረም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ የበር ቁመት ያለው ሰው እያለቀሰ ነበር። ጥሩወርቅ አየችኝ። ማሽኔ ቆሟል፤ ሥራ የለኝም፤ ሰበብም የለኝም። እሄዳለሁ አልሁ። አያ ደምሌ ከጋቢው ውስጥ፣ ወፉን የሚጠብቅ ከተገኘ ወፍ ጠባቂውን የሚጠብቅ ደግሞ እንዲፈለግ አሳሰበ። ጥሩወርቅ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ፒያኖውንም በነጠላ ጠቅልላ ደጅ አውጥታ አቆመችው፤ ወንድሟ ትንሽ ይረፍ ብላ ነው።

እስከ መንገዱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድሁ። ጥቅምት ስለሆነ ሜዳው ገና ውኃ ይዟል፣ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ፒያኖውን በራሴ ተሸክሜ ስሄድ የሚገርመኝ፣ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል፤ ወርዶ ውኃ ውስጥ የቆመልኝም አለ። መከበሬ ደስ ብሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ተጓዝሁ። ኋላ ነው የተነገረኝ፤ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሲያዩ ንብ ያለበት ቀፎ መስሏቸዋል።

ማማው ከአያ ደምሌ ማሳ መሐል ነው። ዙሪያውን እስከ ጣና ድረስ ዓይን የሚያየው ሩዝና ማማ፣ ሩዝና ማማ ነው። ከኔ ቀጥሎ ባለው ማማ እማማ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት የልጃቸውን ማሳ ይጠብቃሉ። ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው እንደ ወንጭፍ ነው። ፒያኖውን ሲያዩ ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ማር ካለው ለሳቸውም እንድቆርጥላቸው ብቻ ነገሩኝ።

ወፍ ጥበቃ ቀላል ይመስላችኋል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ አንተ ትጮሃለህ፣ ቆርቆሮ ትመታለህ፣ በወንጭፍ ትወረውራለህ። እኔ የመጀመሪያውን ድንጋይ ስወነጭፍ ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የእማማ ብርቄን የውኃ ጀሪካን በሳው። ወፎቹ ቀና እንኳ አላሉም። ጮኽሁ፤ ቀትር ሳይደርስ ድምፄ ተዘጋ። ወፎቹ ግን ከአንዱ ዛላ ወደ አንዱ እየዘለሉ ወተቱን ይመጥጡታል፣ ባዶው ገለባ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ባዶው ገለባ ሲበዛ የአያ ደምሌ ትከሻ ትዝ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የምይዘው ሲጠፋኝ የያዝሁትን አወጣሁ። ፒያኖው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ነጠላውን ገለጥሁና በንዴት ሁለቱን መዳፌን ነጩም ጥቁሩም ላይ ጣልሁት።

ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። እማማ ብርቄም ተነሡ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት በምን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሸሸው ድምፄ በመጨረሻ አገር ጠቀመ። ወፍ ሲያርፍ አንድ የተሰበረ ዜማ እለቅበታለሁ፣ ይነሣል። ባላርፍ ይሻለኛል ብሎ ወደ እማማ ብርቄ ማሳ ይሄዳል። ለአያ ደምሌ ደውዬ ማሳው ንጹሕ መሆኑን አበሠርሁት። አላመነኝም፤ ስልኩን ለእማማ ብርቄ እንድሰጥ አደረገኝ። እሳቸውም እውነት መሆኑን መሰከሩና ወፎቹ ሁሉ እሳቸው ዘንድ እንደሚገኙ ጨመሩበት።

ድምፁ ይበልጥ ሩቅ እንዲሄድ ፈልጌ፣ ሐጅ ኑሩ በገበያ ቀን ዕቃቸውን የሚያስተዋውቁበትን በቻርጅ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ እንዲያውሱኝ አስለመንኋቸው። መርቀው ላኩልኝ። ሳበራው ግን ውስጡ የተቀዳው ነገር አልጠፋም ነበርና የሐጅ ድምፅ በሜዳው ሙሉ ተለቀቀ፤ ብርድ ልብስ፣ የሙሽራ አንሶላ፣ ያላየ እንዳይቆጭ። ማጥፊያውን እስካገኝ ድረስ ሦስቴ ተመላለሰ። ወፎቹ ሸሹ፣ ሰው ግን መጣ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሴቶች ማማቸውን ጥለው ብርድ ልብሱ የት እንደሆነ ሊጠይቁ በጭቃው መጡ። የለም ብላቸው ደብቄ ለዘመድ የማስቀረው መሰላቸው፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ይኸን ሁሉ የማወራው ነገሩ አምሮልኝ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ታዲያ አንድ ችግር መጣ። ተሻሻልሁ።

ቀትር ላይ ወፉ ጥላ ሲይዝ ሥራ የለም። ሜዳው ጸጥ ይላል፣ የሚስል መሪጌታ የለም፣ ኔትወርክ የሚያቆመው ፈረንጅ የለም። ጥቁሮቹን ይዤ የአረም ደቦ ዜማዎችን አንድ በአንድ መፈለግ ጀመርሁ። ከልጅነቴ በጆሮዬ ያሉ ናቸው፤ ጣቴ ሲስት ጆሮዬ ይመልሰዋል። እየቆየ ጣቴ መሳት ተወ። አንድ ከሰዓት ላይ አንዱን ዜማ ሳንቆረቁር ቀና ብል ወፎቹ ማማዬ ሣር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

እማማ ብርቄ ከማዶ ሆነው፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «የተሻልህ መሰለኝ፤ ወፎቹ መሸሽ ትተዋል።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ መርዶም ሰምቼ አላውቅም። ሆን ብዬ ልሳሳት ሞከርሁ። ዜማ አንዴ ጣት ውስጥ ከገባ በኋላ መሳሳት ራሱ ሌላ ሙያ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለኝን የመሳሳት ተሰጥኦ ሁሉ ወረታ ጨርሼው ነው የመጣሁት። መዳፌን ጣልሁበት፤ ወፎቹ ለምደውታል። የሐጅን ብርድ ልብስ ለቀቅሁባቸው፤ እሱንም ለምደውታል።

ታላቁ መንጋ የመጣው እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው። ከጣና በኩል እንደ አቧራ ተነሥቶ ሲመጣ ከሩቅ ይታይ ነበር። በየማማው ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። የወፍ ጥበቃን ምሥጢር ያን ዕለት አየሁት፤ ወፍ ማባረር ማለት ወፍን ለጎረቤት መላክ ነው። አንዱ ሲጮህ መንጋው ተነሥቶ ዝም ባለው ማሳ ላይ ይወርዳል፤ ያኛው ሲጮህ ሌላው ላይ ይወርዳል። ሰዉም ወፉን ትቶ እርስ በርሱ «ወደ እኔ አትላክብኝ» እየተባባለ ይሰዳደባል። ሲንከባለል ቆይቶ በመጨረሻ ከሁሉ ሰነፍ ጠባቂ ያለበትን ማሳ አገኘና ተቀመጠ። የማን ማሳ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሩዙ ከወፍ ብዛት ጎበጠ። ጮኽሁ፣ ቆርቆሮ መታሁ፣ ወንጭፉ ተበጠሰ። የሚጮኸው መንቁራቸው ብቻ ነው፤ እንደ ዝናብ ይንሾካሾካል። በሬዎቹ በዓይኔ መጡ፣ ከፊታቸው የሚጎትታቸው ነጋዴ ታየኝ። የአህያ ባል ያሉት ልክ ነበሩ አልሁ። እዚያው ማማው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እያለቀስሁ እጄ ወደ ፒያኖው ሄደ። ወፍ ላባርር ብዬ አይደለም፤ ያን ተስፋ ቆርጫለሁ። ሲከፋህ የምታንጎራጉረው አታጣም፣ እኔም ዜማውን ያገኘሁት እዚያ ስለነበር ነው። ድምፅ ማጉያው እስከ ጥጉ ተከፍቷል። አንድ የአረም ደቦ ዜማ ጀመርሁ። የደቦ ዜማ አውጪና ተቀባይ አለው፤ አውጪው ብቻውን ያወጣል፣ ሥራ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ ይቀበለዋል። እኔ አውጪውን ተጫውቼ ተቀባዩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

ከማዶ እማማ ብርቄ ተቀበሉኝ።

ያን የመሰለ የባልቴት ጉሮሮ አለ ብዬ አላስብም ነበር። በደቦ ያደገ ሰው አውጪ ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም፤ «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉት አፉን እንደ መዝጋት ነው። በተቀበሉበት ቦታ ላይ ቆርቆሯቸውን መቱ። እኔ ደግሜ አወጣሁ። አሁን ከወዲያ ያለው ማማ ጨመረ፣ ከሱ ማዶ ያለውም ጨመረ። ያቺ ብርድ ልብስ የከለከልኋት ሴት ሳትቀር ተቀበለች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ሜዳው ሁሉ ተቀባይ ሆነ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። እኔ ሳወጣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። መቀበያው ሲደርስ ግን በዚህም በዚያም፣ ከጣና እስከ መንገዱ ዳር፣ ጉሮሮው፣ ቆርቆሮው፣ ጅራፉ ባንዴ ይወርዳል። መንጋው ተነሣ። ወደ እማማ ብርቄ ሊወርድ ሲል ሁለተኛው መቀበያ ደረሰ፤ እዚያም ጩኸት ነው። ዞረ፤ ዝም ያለ ማሳ ፈለገ። ዝም ያለ ማሳ አልነበረም። ወፉ ከአናታችን በላይ ሲሽከረከር ቆየ፣ እኔም አወጣሁ፣ ሰዉም ተቀበለ። ኋላ መንጋው መዞሩን ተወና ወደ ጣና ዳር ደንገል ሄደ።

እኛ ግን ወዲያው አላቆምንም። ወፉ ከሄደም በኋላ ዜማውን ይዘን ቆየን፤ ደስ ብሎን ነው።

ከዚያን ቀን ወዲያ በዚያ አካባቢ ማንም ብቻውን አይጮህም ነበር። ጠዋት ሲነጋ ከየማማው «አውጣው እንጂ» ይሉኛል። ሰው ይጠብቀኛል። እኔን። ለአያ ደምሌ ስለ መንጋው ብነግረው፣ ሩዙን ሲያይ እንደሚያምን ብቻ ነግሮኝ ስልኩን ዘጋው።

ኅዳር ሲገባደድ አጨዳው ደረሰ። አያ ደምሌ በምርኩዝ እያነከሰ፣ ከጥሩወርቅ ጋር በጋሪ መጣ። የደቦው ሰው ማጭዱን ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል፤ ሠርጌ ላይ የተናገሩት አጎትም አሉበት። አያ ደምሌ ከማንም ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ቀጥ ብሎ ወደ ማሳው ገባ። ከዚህ አንድ ዛላ፣ ከዚያ አንድ ዛላ ይበጥሳል፣ በመዳፉ አሽቶ እፍ ይልበታል፣ ፍሬውን ያያል። ወደ መሐል ገባ፣ እንደገና አሸ፣ እንደገና አየ። ባዶ ገለባ አግኝቶ ይሆን አልሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወፍ የበላው እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥግ ላይ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ፈራሁ።

ተመልሶ መጣ። ደቦውን ዘወትር የሚያወጣው ሰው ጉሮሮውን ሲጠራርግ አያ ደምሌ ምርኩዙን ከፍ አደረገ።

«ቆይ» አለ። «አማቼ ሳይጀምር ማጭድ የሚያነሳ የለም።»

ወደዚያ ቤተሰብ ከገባሁ ጀምሮ በልቼ እስክጨርስ ካልሆነ በቀር ለምንም ነገር ተጠብቄ አላውቅም። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ፒያኖውን ማሳው ዳር ነጠላ ላይ ዘርግቼ ተንበረከክሁ። ጣቴ ሳተና የመጀመሪያው ድምፅ ነጭ ላይ አረፈ። የሳቀ ሰው አልነበረም። እንደገና ጀመርሁ፤ አወጣሁት፤ መቀበያው ጋ ደረስሁ።

ደቦው አፉን ሳይከፍት ከጀርባዬ አንድ ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ቀደመ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ አያ ደምሌ ነው። በምርኩዙ ተደግፎ፣ እንባው ጺሙ ውስጥ እየገባ ይቀበለኛል። ሚስቱ ኋላ እንደነገረችኝ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሲዘፍን ሰምታው አታውቅም። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ማሳው ዳር የሚግጡት ሁለቱ በሬዎቹ ላይ ነበር።

ከዚያ ማጭዱ ሁሉ ባንድ ላይ ሩዙ ውስጥ ገባ።